ጅማ፣ በነቢያት ጾም

እናቴ ነሐሴ ላይ አረፈች። ታናሽ እህቷ፣ የጅማዋ አክስቴ፣ ለቀብር አልመጣችም። ለአርባውም ለሰማንያውም አልመጣችም። በዘመድ መሃል ይታማል። የሚያሙት ግን ቤቷን ያላዩ ናቸው። ባሏን ሐምሌ ላይ ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፤ ንግግርም የለም። ሴት ልጇ ቤሩት ናት፣ ወንዱ ሐዋሳ ነው። ለማን ትታቸው ትምጣ? እሷ መምጣት ካልቻለች እኔ ለቅሶዬን ይዤ ልሂድላት ብዬ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወሰድኩ።

ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ከነሐሴ ወዲህ መጸለይ አቅቶኛል። አልካድኩም፣ አላመረርኩም። ለጸሎት ስቆም ቃል አይመጣልኝም፣ በቃ። "ለበጎ ነው" የሚለኝ ሰው ሲበዛ ጭራሽ አንገሸገሸኝ። የእናት ሞት ለማን ነው በጎ የሚሆነው? አክስቴ በስልክ አንድ ቀን እንኳ "ለበጎ ነው" ብላኝ አታውቅም። ታለቅሳለች፣ ታስለቅሰኛለች፣ ከዚያ "ምሳ በላሽ?" ትላለች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24፤ ግቤ በረሃ ላይ

ትኬቱ 950 ብር። ጠዋት 12 ሰዓት ተብሎ 1 ሰዓት ሊሆን ሲል ወጣን፤ ለእኛ አገር ይሄ በሰዓቱ ነው። ዓለም ገና፣ ሰበታ፣ ቱሉ ቦሎ። ጤፍ እየታጨደ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሰው ጎንበስ ብሎ ይታያል፤ ነዶው ክምር ክምር ሆኗል።

ቁርስ ወሊሶ ነበር። ወሊሶን በጾም ማለፍ ከባድ ነው። ከፊት ለፊታችን ያለው ቤት ክትፎ ቤት ነው፣ አጠገቡም ክትፎ ቤት ነው። ወልቂጤ ስትደርሱ ደግሞ ይብሳል። እኛ ጿሚዎቹ አንድ ጥግ ተሰብስበን ሽሮ በላን፤ 130 ብር። ሽሮው ጥሩ ነበር። አዲስ አበባ ቢሆን በዚህ ዋጋ ግማሹን ነው የሚያቀርቡልሽ።

ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ወደ ግቤ ሸለቆ ይወርዳል። ጠመዝማዛ ነው። ደጋው ይቀርና ሙቀቱ በመስኮት ይገባል፤ ጋቢ ደርቦ የመጣው ሁሉ ያወልቃል። ቁልቁለቱን በሰላም ወረድን። ድልድዩን አልፈን ማዶውን ዳገት ስንጀምር ከሞተሩ ጭስ ወጣ። ሾፌሩ ጥግ ይዞ አቆመ። "ውሃ ጨርሷል፣ ትንሽ ይቀዝቅዝ" አለ ረዳቱ። ትንሽ ያለው ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀ።

ጥላ ያለው አንድ ግራር ብቻ ነው። ሁላችንም እሱ ሥር ተኮለኮልን። ከሰል በጆንያ የሚሸጡ ልጆች መጡ፣ ከሰል የሚገዛ ሲያጡ ውሃ አመጡ። በ25 ብር የሚሸጠው ውሃ 50 ገባ። አንድ የሰርቦ ሰው ሁለት ገዝተው አንዱን ለእኔ ሰጡኝ። "ለቅሶ ነው የምትሄጂው?" አሉኝ። ጥቁር ለብሻለሁ። ነገርኳቸው። "አላህ ያጽናሽ" ብለው ዝም አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። ደስ አሉኝ።

ረዳቱ በጄሪካን ውሃ ይዞ በሞተር ብስክሌት ሲመጣ ሰው አጨበጨበ። ሶኮሩን አልፈን የጊልጌል ግቤ ግድብ ውሃ ከመንገዱ ሲታይ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ኃይል የሚያመነጨው ግድብ ነው፤ 184 ሜጋ ዋት። ይህን የጻፍኩት ያን ማታ አክስቴ ቤት መብራት ስላልነበረ ነው።

ጅማ በጨለማ ገባሁ። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ስሄድ ዋልኩ። ባጃጅ ኮንትራት 150 ብር ብሎ ከአዌቱ ወንዝ ማዶ አደረሰኝ። አክስቴ በር ላይ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ቆማለች። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም። ጎረቤት ሻማ ይዞ እስኪወጣ ድረስ አለቀስን።

የአክስቴን ባል፣ ጋሼን፣ ገብቼ ሳምኳቸው። ድሮ ትከሻቸው በር የሚሞላ ሰው ነበሩ። በግራ እጃቸው እጄን ያዙና "እሺ… እሺ… እሺ" አሉኝ። አሁን ያላቸው ቃል እሱ ብቻ ነው። ሲርባቸውም እሺ፣ ሲከፋቸውም እሺ፣ እምቢ ሲሉም እሺ። እናቴን ሊሉኝ እንደፈለጉ ዓይናቸው ላይ አየሁት። አልወጣላቸውም። እንባቸው ወጣ።

ኀሙስ፣ ኅዳር 25፤ ገበያ

ንጋት ላይ በድምፅ ነቃሁ። ሁለት ሰዎች እየተቀባበሉ ያነባሉ። አንዱ የአክስቴ ድምፅ ነው። ሌላው የወንድ፣ ሻካራ፣ ግን ጥርት ያለ ግእዝ።

"ሰማያትን በጥበብ የሠራ" ትላለች አክስቴ።

"እስመ ለዓለም ምሕረቱ" ይላል ወንዱ።

"ምድርን በውኃ ላይ ያጸና።"

"እስመ ለዓለም ምሕረቱ።"

ካህን መጥቶ መሰለኝ። መጋረጃውን ገለጥ አደረግሁ። ካህን የለም። አክስቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ዳዊት ይዛለች። የሚመልሱላት ጋሼ ናቸው።

መዝሙር 135 ነው፤ በሌላው አቆጣጠር 136። 26 ቁጥር አለው፣ 26ቱም በዚያችው ቃል ይዘጋል። ጋሼ አንዷንም አልዘለሉም። ሲጨርሱ አክስቴ "ውሃ ላምጣልህ?" አለቻቸው። "እሺ… እሺ" አሉ። ማግኘት የሚችሉት እሱኑ ሆነ እንደገና።

ጋሼ የመንዝ ሰው ናቸው። ልጅ ሆነው የኔታ ዘንድ ዳዊት ደግመዋል። ጎረምሳ ሲሆኑ ለቡና ለቀማ ሥራ ጅማ መጡ፤ በዚያን ጊዜ እንደሳቸው የመጣ ብዙ ነው። ከዚያ እንጨት ሥራ ለመዱና ቀሩ። የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ የማያውቅ የለም። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ነው የሚወጣው፤ ሚስማር የለው፣ ማጣበቂያ የለው። ጋሼ በዋንዛ ነው የሚሠሩት። ስትሮኩ የመታው ያን መፈልፈያ የሚይዘውን እጅ ነው።

ኀሙስ የጅማ ትልቁ ገበያ ነው። የቤት አስቤዛ ልግዛ ብዬ ወጣሁ። አቮካዶ ኪሎው 40 ብር! አዲስ አበባ ሦስት እጥፍ እንደምንከፍል ለሻጯ ነገርኳት፣ ሳቀችብኝ። ኮረሪማ፣ ዝንጅብል፣ ሙዝ፣ የሸክላ ጀበና በየመደቡ። ማር ኪሎው 500 ብር ነው ተባልኩ። በጣቴ ቀመስኩ። ስኳር የሌለበት ማር ጉሮሮ ላይ ቆንጠጥ ያደርጋል፣ ይሄ አደረገኝ። ገዛሁ። ጾም ስለሆነ ማሩ የሚበላው ለገና ነው፤ የአክስቴ ቤት ሥርዓት እንደሱ ነው። ጀነፈል ቡና በየመንገዱ ዳር ተሰጥቷል። ወሩ የለቀማ ወር ነው፤ ገበያው ውስጥ የሚወራው ሁሉ የቡና ዋጋ ነው። ገበያ መሃል ሆኜ ያ ዜማ ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

ስመለስ እንግዳ አገኘሁ። ጎረቤቷ እማማ በሰፌድ ሸፍነው ገንፎ አምጥተዋል። ሙስሊም ናቸው፤ ሰላሳ ዓመት ጎረቤት። "አካም ጅርቱ" አሉኝ። "ፈያ" አልኩ፤ ከዚያ ወዲያ ኦሮምኛዬ አለቀ፣ አማርኛ ቀጠልን። ገንፎው መሃሉ ላይ ቅቤ የለውም። በኑግ ዘይት ነው የሠሩት። "ጾማችሁ ገብቷል አይደል" አሉ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 እንደሚገባ እኔ ራሴ ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር የሰማሁት። እሳቸው ቆጥረዋል። ረመዳን ሲመጣ ደግሞ አክስቴ ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ ትልካለች። ከሐምሌ ጀምሮ ግን እማማ ቀን ሳይቆጥሩ ነው የሚያመጡት። አንድ ቀን ገንፎ፣ አንድ ቀን ቂጣ፣ ሌላ ቀን ባዶ እጃቸውን መጥተው ጋሼን በማገላበጥ ያግዛሉ። ሰው በአንድ ጎን ሲተኛ ከዋለ ገላው ይቆስላልና በየሁለት ሰዓቱ ማዞር ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ሌሊትም አክስቴ ናት የምትሠራው።

ዓርብ፣ ኅዳር 26፤ ሆስፒታል

ዓርብ የፊዚዮቴራፒ ቀን ነው። ጋሼን ከአልጋ ወደ ባጃጅ ማውጣት የሦስት ሰው ሥራ ነው። የሱቁ ልጅ መጣ፣ የእማማ ልጅ መጣ። ደርሶ መልስ 300 ብር። ባለ ባጃጁ ገብቶ ቆሞ ጠበቀን፣ ለጠበቀበት ሲከፈለው "ይቅር" አለ።

ሆስፒታሉ ግቢ የደቡብ ምዕራቡ ሰው ሁሉ ይገናኛል። ከቦንጋ የመጣ አለ፣ ከበደሌ አለ፣ ከሚዛን ልጅ አዝላ ያደረች እናት አለች። አስታማሚዎቹ ዛፍ ሥር ምግብ ይጋራሉ። የማን አገልግል የማን እንደሆነ አይለይም። አንዷ እኔን አስታማሚ መስያት ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ፣ ተቀበልኳት።

ባለሙያው ወጣት ነው። ጋሼን ስፖንጅ በቀኝ እጃቸው እንዲጨብጡ ያደርጋል። ጣታቸው ትንሽ ታጠፈ። ትንሽ ነው፣ ግን ታጠፈ። ያስጨነቀኝን ጠየቅሁት። ውሃ ማለት ያቃተው ሰው እንዴት ዳዊት ይደግማል?

እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ አሳየኝ። አብዛኛው ሰው ንግግር የሚያወጣው በግራ አንጎሉ ነው አለ። ቀኝ እጅና ቀኝ እግርንም የሚያዘው ያው ግራው ነው። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ይጎዳሉ። በቃል የተያዘ ነገር ግን፣ ጸሎት፣ ዜማ፣ ቁጥር መቁጠር፣ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ሌላ መንገድ አለው። "ስለዚህ አስዘምሯቸው፣ አስደግሟቸው፣ ጥሩ ነው" አለን። መቼ ይድናሉ ስለው "ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ፤ ቶሎም አትጠብቁ" አለኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ከፋኝ። ተአምር መስሎኝ ነበር። አክስቴን ባጃጅ ውስጥ ሆነን ሰምታው እንደሆነ ጠየቅኋት። ሰምታለች።

"እሱማ ይሁን" አለች። "ያ የኔታ ግን በልጅነቱ ባያስጠኑት ኖሮ ምን ይተርፈው ነበር? በአለንጋ እየገረፉ ነበር አሉ ያስጠኑት። ነፍሳቸውን ይማር።" የጋሼን አንገት ልብስ አስተካከለች። "እግዜር መቼ እንደሚያስፈልገን ያውቅ የለ? ከስልሳ ዓመት በፊት ነው ያስቀመጠለት።"

አልመለስኩላትም። ስለ የኔታ ሳስብ ነበር። አንድ የገጠር አስተማሪ፣ ስሙን ማንም የማያስታውሰው፣ ምን እያስቀመጠ እንደሆነ ሳያውቅ።

ማታ መብራት እንደገና ሄደ። ጋሼ ተኝተዋል። አክስቴ ከሰል ላይ ቡና አፈላች። ቡናውን በጤና አዳም ሰጠችኝ። አቦሉን ጠጥተን ቶና ስትጨምር መጸለይ እንዳቃተኝ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር።

"እኔም ሌሊት ሌሊት እጣላዋለሁ" አለች።

"ማንን?"

"ማንን ይሆናል? እሱን ነዋ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሼሽን ሳገላብጥ፣ ወገቤ ሲቆረጥ፣ እህቴን ሳልቀብር መቅረቴ ሲመጣብኝ። ምን አድርጌህ ነው እለዋለሁ። ዳዊትም ብሏል'ኮ። 'እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ' ብሎ የለ? ተቀይሞት ነው እንጂ ምን ሊሆን ነው።" ሲኒዋን አስቀመጠች። "ጠዋት ግን ተነስቼ ያቺን እደግማለሁ። ምሕረቱ ለዘላለም ነውና። አንዳንድ ቀን ልቤ ሳይኖርበት ነው የምለው። ጋሼሽ ይመልስልኛል። እሱ ሲመልስ የኔም ልብ ቀስ ብሎ ይመጣል።"

ይሄን ነው እንግዲህ ለመስማት የሄድኩት። ሳላውቀው ነው እንጂ። በእሷ ቤት ተስፋ ስሜት አይደለም። ሥራ ነው፤ ጠዋት ይነሱና ይሠሩታል፣ ደስ ሲልም ደስ ሳይልም። በረካውን አልጠጣሁም፣ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27፤ መድኃኔዓለም

የወሩ መድኃኔዓለም ነው። እማማ ጋሼን ሊጠብቁ መጡና አክስቴን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከሐምሌ ወዲህ ቅዳሴ የቆመችው ጥቂት ቀን ነው። ሌሊት ካፍያ ጥሎ ስለነበር መንገዱ ጭቃ ነው። ኅዳር መጨረሻ አዲስ አበባ አቧራ ነው፤ ጅማ ግን ዝናብ የሚጨርስ አገር አይደለም፣ ሁሉ ነገር እንደለመለመ ነው። ነጭ ነጠላዬ እስከ ጉልበቴ ቀይ ሆነ።

ከቅዳሴ በኋላ ስብከት ነበር። ሰባኪው ረዘም አደረጉት፣ ሕፃናት አለቀሱ፣ ሰውም ቀስ በቀስ ወደ ጥላ ሸሸ። አንድ ነገራቸው ግን ያዘኝ። ሰቆቃወ ኤርምያስን ነበር የሚያነቡት። "ያልጠፋነው ከእግዚአብሔር ምሕረት የተነሣ ነው፥ ርኅራኄው አያልቅምና። ማለዳ ማለዳ አዲስ ነው።" ይህን ጥቅስ በየመኪናው መስተዋት ላይ ተለጥፎ አይተነዋል። ሰባኪው የት ቦታ እንደተጻፈ ልብ በሉ አሉ። ኢየሩሳሌም በናቡከደነፆር እጅ ተቃጥላለች። ቤተ መቅደሱ ፈርሷል። በረሃብ የሞተው ሕዝብ መንገድ ላይ ነው። መጽሐፉ አምስት ምዕራፍ ነው፣ ቃሉ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። ከሱ በኋላ ሌላ ሁለት ምዕራፍ ልቅሶ አለ። መጨረሻውም ደስታ አይደለም፤ ፈጽመህ ጥለኸናልን የሚል ጥያቄ ነው። ኤርምያስ ተስፋውን የተናገረው ከተማው ተሠርቶ አይደለም አሉ። ፍርስራሹ መሃል ቁጭ ብሎ ነው።

አክስቴ ክንዴን ጨበጥ አደረገችኝ። ትናንት ማታ ያወራነውን ማለቷ ነው።

በር ላይ የእናቴን ክርስትና ስም ለካህኑ ሰጥታ አስጸለየችላት። ከዚያ ዳቤ ተቆረሰ። ደርቆ ነበር፤ በላነው። ስንመለስ እማማ ጋሼን መላጨት ጀምረው ግማሽ ፊታቸው አረፋ ነው። ጋሼ "እሺ… እሺ" ይላሉ። የዚህኛው እሺ እምቢታ እንደነበር ለሁላችንም ግልጽ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 28፤ ጅሬን

እሑድ ጠዋት አክስቴ "ጅማ መጥተሽ አባ ጅፋርን ሳታዪ ትሄጂያለሽ?" ብላ አስወጣችኝ። ከጋሼ ተለማማጅ ጋር ሄድኩ። ወጣት ነው። ሐምሌ ላይ ጋሼ ሲወድቁ መፈልፈያዎቹን ይዞ የራሱን ቦታ መክፈት ይችል ነበር፤ ሌሎች አድርገውታል። እሱ በየጠዋቱ መጥቶ ከአክስቴ ቁልፍ ይወስዳል፣ ማታ የሸጠውን በደብተር ጽፎ ገንዘቡን ያስረክባል። ደመወዙን እሷ ቆርጣ ትሰጠዋለች። ይህ ቤት የሚኖረው በዚያ ደብተር ነው። የቤሩቷ ልጅ ስትልክ ደግሞ መድኃኒት ይገዛል።

ጅሬን ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ኮረብታ ላይ። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙ ንጉሥ ናቸው። ለምኒልክ ገብረው ግዛታቸውን በሰላም ያቆዩ ብልህ ሰው። ቤተ መንግሥቱ የእንጨት ሥራ የበዛበት ነው፤ ሰገነቱም፣ ቋሚውም። አጠገቡ መስጊድ አለ። ከላይ ሲታይ ጅማ ዛፍ ውስጥ ተደብቃለች። አስጎብኚው ስለ ንጉሡ ቁመት ረጅም ታሪክ ነገረን። ተለማማጁ አልሰማም። ቋሚዎቹን እየዳሰሰ፣ መጋጠሚያውን ጎንበስ ብሎ እያየ ነው። "ጋሼ እዚህ አምጥተውኝ ነበር መጀመሪያ ቀን" አለኝ። "ሥራ ከመጀመርህ በፊት ይሄን እይ አሉኝ። ምንም አላስረዱኝም። እይ ብቻ።"

አትተዋቸውም ወይ ብዬ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር። ነውር መሰለኝና ተውኩት። እሱ ራሱ መንገድ ላይ አነሳው። "እኔ እናት አባት የለኝም። ጋሼ ሲያስጠጉኝ ስንት ዓመት እቀመጣለሁ ብለው አልጠየቁኝም" አለ። ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ወሬው ተቋረጠ።

ማታ አክስቴ ድካም ጣላት። ወንበር ላይ ቁጭ እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። አልቀሰቀስኳትም። ዳዊቱን አነሳሁና ጋሼ አጠገብ ተቀመጥኩ። ዓይናቸውን ወደኔ መለሱ።

"እግዚአብሔርን አመስግኑ፥ ቸር ነውና" አልኩ። ድምፄ አልወጣም፣ ደገምኩት።

"እስመ ለዓለም ምሕረቱ።"

ቀጠልኩ። ፀሐይና ጨረቃ። ግብፅ፣ ባሕሩ መከፈሉ፣ ምድረ በዳው፣ ታላላቆቹ ነገሥታት። በልጅነቴ የምሰማው ይህን ትልቅ ትልቁን ነበር። መጨረሻው አካባቢ ያለውን ግን አስተውዬው አላውቅም። "በመዋረዳችን አስቦናልና" ይላል። ከዚያ "ለሥጋ ሁሉ ምግብን የሚሰጥ" ይላል። ባሕር የከፈለውና ነገሥታትን የመታው ተቆጥሮ ተቆጥሮ ምሳ ላይ ደረሰ። የእማማ ሰፌድ ፊቴ ላይ መጣ። የልጁ ደብተር መጣ። ግራር ሥር የተሰጠኝ የ50 ብር ውሃ ሳይቀር። እዚያ ላይ ድምፄ ተቆረጠ። ጋሼ ጠበቁኝ። ስቆይባቸው ራሳቸው ቀደሙኝ።

"እስመ ለዓለም ምሕረቱ" አሉ። ከነሐሴ ወዲህ የጸለይኩት እሱን ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 29፤ መልስ

ስወጣ አክስቴ በርጩማ ሰጠችኝ። የጋሼ የመጨረሻ ሥራ ነው፤ ሐምሌ ላይ አንዱ እግሩ ሳይለሰልስ ቀርቶ ተለማማጁ ልጅ ነው የጨረሰው። ልዩነቱ ይታወቃል። ሁለቱ እግሮች መስታወት ናቸው፣ ሦስተኛው ትንሽ ሻከር ይላል። "ለእህቴ ቤት" አለችኝ። እማማ ለመንገድ ቂጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። "ገለቶሚ" አልኳቸው፣ አስተካክዬ ማለቴን አላውቅም፣ ሳቁ።

መናኸሪያ ረዳቱ ለበርጩማዋ 150 ብር ጠየቀ። ተከራከርኩት። "እቃ ነው" አለኝ። ጭኔ ላይ እይዛታለሁ አልኩ። "ጭንሽ ላይም እቃ ነው" አለ። መቶ ብር ከፈልኩ። በኋላ አንድ ተሳፋሪ ልጅ መቀመጫ ስላጣ በርጩማዋ ላይ ተቀምጦ ወልቂጤ ድረስ ሄደ። ረዳቱ ከሱም እንዳስከፈለው አይቻለሁ። ግቤን ሳንቆም አለፍን።

አክስቴ በየሁለት ቀኑ ትደውላለች። ጋሼ ውሃ ማለት አልቻሉም እስካሁን። ባለፈው ሳምንት በዱላ ከአልጋ እስከ በር ሄዱ፣ በማግስቱ እግራቸው እምቢ አለ። እሷም ወገቧን እያማት ነው፤ ሌሊቱን ከጎረቤት አንዷ ተራ እንድትገባላት ተነጋግረዋል። በርጩማዋን ሳሎን አስቀምጫት የመሥሪያ ቤት ሰዎች ለቅሶ ሊደርሱ ሲመጡ አዩዋት፣ ሁለቱ አዘዙ። ልጁ ትንሿን 1,200፣ ትልቋን 1,800 ብር ነው የሚለው። ቀብዱ ግማሽ ነው፣ ጭነቱ የገዢ። ለረዳቱ ከመቶ ብር በላይ እንዳትከፍሉ።